ኢልዳና የአውሮፕላኑ ጩኸት

ኢልዳ መዴይሮሽ ከአዞረስ ደሴቶች ቶሮንቶ የገባችው በልጅነቷ ነው። ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን የሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጥራ ዕድሜዋን የፈጀችው አሮጌዎቹን በማደስ ነበር። የነተበውን የወንበር ልብስ ትቀይራለች፤ ግድግዳውን ገልጣ ጩኸት የሚያፍነውን ስፖንጅ ትለጥፋለች። ባሏ ጋስፓር ደግሞ ውጭ ሜዳው ላይ ሞተር ይፈትሻል። አዲስ ሞዴል በወጣ ቁጥር አውሮፕላኑ እየረዘመ፣ ፕሮፔለሩም እየተሻሻለ ሄዷል፤ የድሮዎቹ ጩኸት ግን ቢያፍኑትም አይጠፋም።

ትዳራቸው የሻከረው በረዶ በጣለበት አንድ ጠዋት ነው። ኢልዳ ሰሃን እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ "እማዬ አረፈች፤ አሁን ደወሉልኝ" አለች። ጋስፓር አንዲት ቃል ሳይተነፍስ አካፋውን አንሥቶ በረዶ ሊጠርግ ወጣ።

"ለእኔ ሲሆን ጆሮ ዳባ ልበስ!" ብላ ለልጇ ለግራሳ በስልክ አማረረች። ከዚያ ወዲያ አልጋ ለየች። ራት ታቀርባለች እንጂ "ብላ" አትልም። ዓመታት እንዲሁ በኩርፊያ አለፉ።

ጋስፓር ጡረታ እንደወጣ ግራሳ ተንደር ቤይ ከተማ ወለደች። ሊጠይቋት ተሳፈሩ። ኢልዳ ውስጡን ስታይ አውሮፕላኑን ዐወቀችው፤ የእጇ ሥራ ነው። ቦታቸው ጩኸቱ ከሁሉ የሚብስበት፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ ነበር። አስተናጋጇ ምን እንደሚጠጡ ስትጠይቅ ኢልዳ ሁለቴ አስደገመቻት።

ጋስፓር ግን ግድግዳውን ዳሰስ አድርጎ ፈገግ አለ። "አንቺ ሴትዮ፣ እጅሽ ይባረክ! ጸጥ አሰኘሽው እኮ፤ ምንም አይሰማም።"

ከስንት ዘመን በኋላ ያገኘችው ምስጋና ነውና ደስ አላት። ወዲያው ግን ክው አለች። አፏን በመሐረብ ሸፍና "ጋስፓር! ትሰማኛለህ?" ብላ ጮኸች። ከፊት የተቀመጡት ዞር አሉ። እሱ ደመናውን ማየቱን ቀጠለ።

ከአውሮፕላኑ እንደወረዱ ክንዱን ያዘችው። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ቆየ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ከንፈር እያየሁ ነው የምግባባው። ቢያውቁብኝ ከሞተሩ ያነሡኝ ነበር።"

"እኔስ? ለሚስትህ አይነገርም?"

"አንቺማ መናገር ተውሽ። የእናትሽን ሞት እንኳ ያወቅሁት ጥቁር ስትለብሺ ነው። ያኔ ደግሞ ለመጠየቅ አፈርኩ።"

ኢልዳ እዚያው ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ሐኪሙ የጆሮ መሣሪያ ሰጠው፤ ብዙም አልረዳው። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ቀስ ብላ ማውራት ለመደች፤ እሱም እንደ ድሮው ይቀልድባት ጀመር። ምን ያደርጋል፣ የልጅ ልጃቸው አፏን ሳትፈታ ጋስፓር በልብ ድካም አረፈ።

"እማዬ፣ አታውቂም ነበር እኮ" ትላታለች ግራሳ ልታጽናናት።

"አልጠየቅሁትማ" ትላለች ኢልዳ። "አንድ ቀን እንኳ 'ምነው፣ ምን ሆነህ ነው?' አላልኩትም።"