ራስሽን ጠብቂ

የደም ግፊት እንዳለብኝ ያወቅሁት ቢሮ ውስጥ ወድቄ ነው። ሮቤ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት እሠራለሁ። ጠዋት ከወንበሬ ስነሣ ግድግዳው ዞረብኝ። ነፍሴን ሳውቅ በአንድ የሥራ ባልደረባዬ መኪና ወደ ጎባ ሆስፒታል እየወሰዱኝ ነበር።

የመረመረችኝ ሐኪም ወጣት ናት። ግፊቴን ለካች፤ ትንሽ አሳርፋ እንደገና ለካችኝ። ስለ እንቅልፌ፣ ስለምበላው፣ ቤት ውስጥ ስላለው ሰው ጠየቀችኝ። እናቴ ግማሽ አካሏ ሽባ ሆኖ እንደተኛች፣ ከእኔ ሌላ የሚያገላብጣት እንደሌለ ነገርኳት።

«ወንድም እህት የለዎትም?» አለችኝ።

ሁለት ወንድሞች አሉኝ አልኳት። ኪኒን ጻፈችልኝ፤ ጨው እንድቀንስ፣ በደንብ እንድተኛና በእግሬ እንድንቀሳቀስ መክራ ሸኘችኝ።

ወንድሞቼ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት። መታመሜን ሲሰሙ ሁለቱም ደወሉ። ታላቄም ታናሼም፣ ተመካክረው ይሁን ሳይመካከሩ እንጃ፣ አንድ ነገር ነው ያሉኝ፦ ራስሽን ጠብቂ። እሺ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ የእናቴን አንሶላ ማጠብ ጀመርኩ። በየትኛው ሰዓት ነው ራሴን የምጠብቀው? ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ እናቴን አገላብጣለሁ፣ አጥባለሁ፣ ልብሷን እቀይራለሁ፣ በደህናው ጉንጯ በኩል ገንፎ አጎርሳታለሁ። ከዚያ ቢሮ። በምሳ ሰዓት በባጃጅ ተመልሼ ያንኑ እደግማለሁ። በክረምት ጉሙ ከተማው ላይ ሲተኛ ያጠብኩት ጨርቅ አይደርቅም፤ በከሰል ምድጃ ዙሪያ ዘርግቼ እየገለባበጥኩ አደርቃለሁ። እንዲህ ስል ዓመታት አልፈዋል። የንስሐ አባቴን ከብዶኛል ብላቸው በረከት ነው፣ ቻዪው አሉኝ። በረከት ከሆነ ለወንድሞቼም ይድረሳቸው ማለት ነበረብኝ። ግን መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

ለፋሲካ ሁለቱም በታናሼ መኪና መጡ። ታላቄ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፤ ብዙ አይናገርም። ታናሼ ትልቅ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ሥራው ለሠራተኞች ስለ ጤንነት ሥልጠና መስጠት ነው፤ አካል፣ መንፈስ፣ አእምሮ እያለ። ለእኔ የግፊት መለኪያ ማሽንና ነጭ የስፖርት ጫማ አምጥቶልኛል። ማሽኑን ራሱ ክንዴ ላይ አሰረና ቁጥሩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

ምሳ ተበልቶ እንዳበቃ ሥልጠናውን ለእኔ ጀመረልኝ። ሰው ራሱን ካልገመገመ ሊሻሻል አይችልም አለ። ሦስት ነገር እንደሚጠይቀኝ፣ ሳላስብ ከአሥር እንድሰጥ ነገረኝ።

«አካልሽን ከአሥር ስንት ትሰጪዋለሽ?»

አፌን ሳልከፍት እናቴ ከጓዳ ተጣራች። ጠርታ ጠርታ ድምፅዋ የበግ ግልገል ድምፅ መሰለ። ሁለቱም ሰሙ። ታላቄ አቀርቅሮ ጣቶቹን አየ፤ ታናሼ እኔን አየኝ። ተነሣሁ። ጨርቋን ቀየርኩላት፣ አጠብኳት፣ በሌላ ጎኗ አስተኛኋት። እጄን ታጥቤ ስመለስ ታናሼ ከተቀመጠበት አልተንቀሳቀሰም።

«እሺ፣ አካልን እንለፈው» አለኝ። «መንፈስሽንስ?»

ጆሮዬ ውስጥ የሆነ ነገር ጮኸ። በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። ሳህን መወርወር አማረኝ። ግን አልወረወርኩም፤ የሚጠርገው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ነጠላዬንና ቦርሳዬን አነሣሁ። ነጩን ጫማ አጠለቅሁ።

«ልትራመጂ ነው?» አለ ታናሼ ደስ ብሎት። «በጣም ጥሩ። ከዛሬ መጀመር ነው።»

«ጨርቁ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ገንፎው በደህናው ጉንጯ ነው የሚሰጣት» አልኩና ወጣሁ።

የጎባን መንገድ በእግሬ ያዝኩ። በግራም በቀኝም የታረሰ ማሳ ነው፤ ነፋሱ ከሳነቴ ተራራ በኩል ይቆርጣል። ባጃጆች እያቆሙ «ግቢ» ይሉኛል። የማውቃቸው ሰዎች በጋሪ ሲያልፉ «ነጋያ? አካም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም ይሉኝና ፊቴን አይተው ማን እንደሞተ ይጠይቁኛል። ማንም አልሞተም እያልኩ አለፍኩ። ብቻዬን ስሆን እናገር ነበር፤ ጮክ ብዬ። ታናሼን በልጅነቱ ያዘልኩትን፣ ለትምህርቱ ሲሄድ ሹራብ የሠራሁለትን፣ ትዳር ሲመጣልኝ እናታችንን ማን ያያታል ተብሎ የቀረውን፣ ሁሉንም ለመንገዱ ነገርኩት። እግሬ ተላጠ። ባጃጅ መሳፈር ግን እልህ ያዘኝ።

ጎባ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ አለች፤ ልጆቿ አድገው ወጥተው ብቻዋን ነው የምትኖረው። በር ላይ ስታየኝ አስገብታ እግሬን በሙቅ ውሃ ዘፈዘፈችልኝ። ተኛሁ። ከስንት ዓመት በኋላ ማንም ሳይጠራኝ ያደርኩት ያን ሌሊት ነው። በማግስቱ ታላቄ ደውሎ የእናታችን መድኃኒት የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ታናሼ ደውሎ መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ፤ ዘጋሁበት።

ከመመለሴ በፊት ቅዳሴ አስቀደስኩ። ሮቤ ሆኜ ቅዳሴውን የምሰማው በድምፅ ማጉያው ነበር፤ ጨርቅ እያጠብኩ። አሁን ውስጥ ቆሜ ጸሎት እምቢ አለኝ። ይቅር በለኝ ለማለት ከንፈሬ አልታዘዝ ሲለኝ ወንድሞቼን በየስማቸው እየጠራሁ ለእግዚአብሔር ከሰስኳቸው። ከዚያ ቀለል አለኝ። ኃጢአት ከሆነም ይሁን።

ወደ ቤት የተመለስኩት ቁጣዬ በርዶ ሳይሆን የሥራ ፈቃድ ስላልጠየቅሁ ነው። በሩን ስከፍት ታናሼ ሳሎን ውስጥ ላፕቶፑ ላይ አጎንብሷል። ከጓዳ የወጣችው ጎረቤቴ ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ሳፋ ይዛለች። እሷ ሱቅ አላት፣ ልጆች አሏት፣ የባሏን አባት ታስታምማለች። እናቴ ወንዶች ልጆቼ ገላዬን አይነኩም ብላ አልቅሳ ኖሯል። እነሱም ምን አደረጉ? ጎረቤቴን ጠሩ። እኔ የጣልኩትን ሸክም አንሥተው በሌላ ሴት ጀርባ ላይ ጫኑት። ጎባ ድረስ በእግሬ የሄድኩት ለዚህ ነው እንዴ!

ሳፋውን ከእጇ ተቀብዬ ይቅር በይኝ አልኳት።

«ለእማማ ብዬ ነው፤ አላህ ይቆጥርልኛል» አለችኝ። ከዚያ ወደ ሳሎኑ ዞራ፣ ታናሼ እንዲሰማት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ለእነዚህ ብዬ ግን፣ ወላሂ፣ ከዚህ እዚያ አልሄድም» አለች።

ታናሼ ያልሰማ መስሎ ላፕቶፑን ነካካ።

እናቴ ጋ ገባሁ። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። አፏ እንደተጣመመ፣ ቃል እየፈለገች «ለወንዶች... ጥለሽኝ ሄድሽ» አለችኝ። ልጆቿ ናቸው። እኔን የወለደ ማኅፀን ነው እነሱንም የወለደው። ኀፍረቷ ይገባኛል፤ ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ልጄ ደከመሽ ወይ ብላኝ አታውቅም። በእሷም ተናደድኩ። አልጋ ላይ በወደቀች እናቴ ተናደድኩ፤ እንደዚያ መሆን ይቻላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ጓሮ ወጥቼ ቆምኩ። ታላቄ ተከትሎኝ መጣ። «አሳዪኝ» አለኝ። «እንዴት እንደምትገለበጥ አሳዪኝ።»

አሳየሁት። እናታችን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋንና ዳሌዋን እኩል እንዲይዝ፣ እንዳይጎትታት ነገርኩት። እጁ ፈሪ ነበር፤ ላብ አጠመቀው። ማጠቡን ለሴት ትተን ሌላውን ሁሉ ተማረ። ለማጠቡ በየቀኑ ብቅ የምትል ሴት ፈልገን ቀጠርን። ያን ማድረግ ከመጀመሪያውም ይቻል ነበር፤ ማንም አላሰበውም እንጂ። ታናሼ በማግስቱ ማለዳ ሥራ አለብኝ ብሎ ሄደ። መኪናው ከግቢ ሲወጣ በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አሁን ታላቄ ወር እኛ ጋ ይቀመጥና ወር ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል። እናቴ ከእጁ መብላት ለምዳለች፤ ገንፎው ጓጉሏል ብላም ትቆጣዋለች። እሱ ሲኖር ከቢሮ ወጥቼ እስከ ከተማው ዩኒቨርሲቲ በር ድረስ በእግሬ እሄድና እመለሳለሁ። ግፊቴ ዝቅ ብሏል፤ ኪኒኑን ግን አልተውኩም።

ታናሼ በስልክ ቪዲዮ ይልክልኛል። አንዱ ስለ አተነፋፈስ ነው፣ አንዱ ስለ ምስጋና፣ አንዱ ይቅር ማለት ለልብ ስላለው ጥቅም። ሳልከፍት አጠፋቸዋለሁ። አንድ ቀን ራሱ መጥቶ እጅጌውን ይሰብስብ፤ ያኔ እንነጋገራለን።