ወደ ሐይቁ የሚያየው መስኮት

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ ነጠላዋን ልታነጣ በረኪና ከፈተች። ግቢያችን አንድ ነው፤ ሽታው በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን አስቀመጥኩና ቀኝ እጄን በግራ እጄ ጥብቅ አድርጌ ያዝኩት። እንዲህ ካላደረግኩት አያርፍም። ጎረቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ ሽንኩርቱ ነው ወይ ያስለቀሰሽ አለችኝ፤ አዎ አልኳት። ላንቺ ግን እውነቱን ልንገርሽ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አምባሰል ውስጥ ከገበሬ ቤት ወጥቼ ነርስ ከሆንኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ። ኮሮና ሲመጣ ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተሰናበቱና ሐይቅ ከተማ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ለበሽተኞች ማቆያ ሆነ። ዴስኩ ወጥቶ አልጋ ገባ። እኔ የተመደብኩበት ክፍል ሰሌዳ ላይ የመጨረሻው ቀን ትምህርት እንደተጻፈ ቀርቶ ነበር፤ ስለ ተውላጠ ስም። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ ይላል። እሷ ላይ ሳይደርስ ደወል ተደውሎ ይሆናል፣ አላለቀም። ማንም ሊያጠፋው እጁን አላነሳም።

ከሁሉ በፊት የሚታወሰኝ ሙቀቱ ነው። ከራስ እስከ እግር የሚለበሰው ላስቲክ ልብስ አየር አያስገባም፤ ላባችን በጀርባችን ወርዶ ቦት ጫማችን ውስጥ ይጠራቀማል። ጓንቱን ስናወልቅ ጣቶቻችን ሲያጥብ የዋለ ሰው ጣት መስለው ተጨማደው ይወጣሉ። መነጽሩ በትንፋሻችን ስለሚደበዝዝ የበሽተኛውን ፊት የምናየው ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ነው። ውጭ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ ባሕር ዛፉን ሲያንሿሿው እንሰማለን፣ እኛ ዘንድ ግን አይደርስም። መስኮቶቹ ሁሉ በወፍራም ጥቁር ላስቲክ ተሸፍነው ነበር። ያሸፈናቸው የማቆያው አስተባባሪ ነው። ሰው እያየ ይደነግጣል፣ ወሬ ያበዛል አለ። ለታማሚም ለእኛም አየር ቢገባ እንደሚሻል እናውቃለን፤ ግን ትእዛዝ ነው፣ ዝም አልን።

ዝምታውን ለምደነው ነበር። አከራዬ ጥሩ ሴት ነበሩ፣ እውነቴን ነው፤ በዓል ሲመጣ ሳያበሉኝ አይውሉም ነበር። አንድ ጠዋት ከሥራ ስመለስ ግን ፍራሼና ሻንጣዬ በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው፣ ልጄ አትቀየሚኝ፣ የልጅ ልጆች አሉብኝ አሉኝ። ሲያለቅሱ ይሰማኛል። አልተቀየምኳቸውም። ፍራሹን ተሸክሜ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ፤ ባጃጆቹ ስለሚያውቁን አይቆሙልንም ነበርና በእግሬ ነው የሄድኩት። ከዚያ በኋላ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ የተደረደረ የፈተና ወረቀት ሥር አደርኩ።

ከእኔ ጋር በአንድ ፈረቃ የምትሠራ አንዲት ታላቅ ነርስ ነበረች፤ የአርዲቦ ሐይቅ በኩል ሴት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት። እትዬ እላታለሁ። ትንሽ ትናገራለች። ስንገባ ቢስሚላህ ትላለች፣ ስንወጣ አልሐምዱሊላህ ትላለች፤ በመካከል ደግሞ ስትሠራ እጇ እንደ ሸማኔ እጅ ነው፣ አንድ ቦታ ሁለቴ አይሄድም። እኔ ይህች ሴት ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም ብዬ አምን ነበር። እሷን እያየሁ በራሴ አፍር ነበር።

በመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ ላይ አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ተኝተው ነበር። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሐይቁ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። ሐይቁ ከአልጋቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይርቅም፣ ግን ላስቲኩ ጋርዶባቸዋል። ስለዚህ በየጠዋቱ ስገባ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ፣ ሐይቁ ዛሬ እንዴት አደረ? ይሉኛል። እኔም ስመጣ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። ዛሬ ብርሃኑ ከወዲያ ማዶ ነው፣ ውሃው ዝም ብሏል እላለሁ። ወይም ነፋስ አለው፣ ነጭ ነጭ ይላል እላለሁ። እሳቸው ታዲያ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እንዲህ ከሆነማ ዛሬ መረብ አይጣልም፣ ወይም አሳው ወደ ቄጠማው ተጠግቷል እያሉ ይተነትኑልኛል። ለመተንፈስ የሚታገል ሰው ያንን ሁሉ ሲናገር ትንፋሹን ከየት ያመጣል ብዬ እደነቅ ነበር። ልጃቸው በየቀኑ ምሳ ዕቃ ይዞ አጥሩ ሥር ይቆማል። ምሳ ዕቃው ይገባል፣ እሱ አይገባም።

አንድ ቀን ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ተዳከመብን። ኦክስጅን ከአንዱ ወደ አንዱ ስናመላልስ ረፈደ። ሽማግሌው ሐይቁ እንዴት አደረ አሉኝ። ዞሬ አላየኋቸውም። እንደ ትናንቱ ነው አባባ፣ አልኩና አለፍኩ። ያን ጠዋት ሐይቁን አላየሁትም ነበር።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አረፉ። ልጃቸው አጥሩ ሥር የዕለቱን ምሳ ይዞ ቆሟል። ሄጄ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምሳ ዕቃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ምን አሉ? አለኝ፤ መጨረሻ ላይ ምን አሉ?  ስለ ሐይቁ ጠይቀውኝ ዋሸኋቸው ተብሎ እንዴት ይነገራል።

በማግስቱ ለአንዲት ታማሚ መርፌ ልተክል ስል እጄ እምቢ አለኝ። የፈራ ጥጃ ሲንቀጠቀጥ አይተሽ ታውቂያለሽ? እንደዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። እትዬ ምንም ሳትል መርፌውን ከእጄ ወሰደችና ተከለችው። ከዚያ ወዲያ መርፌ ሲኖር ራቅ ብዬ ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። እንቅልፍም ጠፋ። ምግብ ሁሉ በረኪና በረኪና ይለኝ ጀመር። እናቴ ስትደውል ድምፄን አሳምሬ ደህና ነኝ እላታለሁ፤ ወዲያው ስዘጋው የሰሌዳውን ጽሑፍ እያየሁ እቀመጣለሁ። እኔ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እሱ።

በዚያ ሳምንት አስተባባሪው ጠዋት ግቢ ውስጥ ሰበሰበን። ከበላይ ሰዎች ለጉብኝት ይመጣሉ፣ ለእነሱ የሚቀርብ ሪፖርት አለ። ሪፖርቱ ላይ የሠራተኛው ሞራል ከፍተኛ ነው፣ ችግር የለም ተብሎ ተጽፏል፤ እያንዳንዳችን እንድንፈርምበት ወረቀቱን አዞረው። ክፉ ሰው አልነበረም። ሁለት ጭምብል ደርቦ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር የሚያናግረን፤ እሱም ቤቱ ልጆች አሉት። ግን የጤና ባለሙያ ፈራሁ አይልም፣ ፈራሁ የሚል ካለ ቦታውን ለሌላ ይልቀቅ አለ። ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የብዕሩ ድምፅ ይሰማ ነበር።

እኔ ዘንድ ሲደርስ ብዕሩን አነሳሁ፤ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልደብቀው እችል ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄን ሁሉም እንዲያየው ወደ ላይ ከፍ አደረግኩት።

«ይኸው እጄ» አልኩ። «በዚህ እጅ ሞራሌ ከፍተኛ ነው ብዬ አልፈርምም። እፈራለሁ። ሳልፈራ ያደርኩበት ቀን የለም። ቦታዬን ግን አለቅም።»

 ከመስጊዱ በኩል የዶሮ ድምፅ መጣ፣ ያ ብቻ ነው። አስተባባሪው ስሜን ጠርቶ፣ ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ እንደሚደርሰኝ ነገረኝ። ያኔ ከጎኔ የቆመችው እትዬ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። ትፈርማለች ብዬ ነበር። ብዕሩን ከድና ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

«ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ» አለች። ድምፅዋ ከወትሮው አልጨመረም። «ጠዋት እዚያ በር ላይ ስደርስ እግሬ አልገባም ይለኛል። ቢስሚላህ ብዬ በግድ ነው የማስገባው። ማታ ቤቴ ስደርስ ልጄን እንዳልነካት ብዬ በረት ውስጥ ነው ልብሴን የምቀይረው። ይህንን ካልነገርንህ ደህና ናቸው ብለህ ትጽፍብናለህ። እኔም አልፈርምም።»

ደንግጬ አየኋት። ያቺ እጇ የማይንቀጠቀጥ ሴት። ከዚያ የጽዳት ሠራተኛዋ ወላሂ እኔም አለች። አስከሬን የሚያመላልሰው ሾፌር ጎልማሳ ነው፣ ቀና ብሎ እንኳ አያወራም፤ እሱም ከመኪናዬ ስወርድ የማስታውከው ከፍርሃት የተነሣ ነው አለ። ቀድመው የፈረሙት ሁለቱ ወጣቶች ወረቀቱን መልሰው ወስደው ስማቸውን ሰረዙ። ወረቀቱ ተጨማዶ ወደ አስተባባሪው ተመለሰ።

ከስብሰባው ስንወጣ ሽማግሌው የነበሩበት አልጋ ላይ ስለ ተኛችው እናት ለእትዬ ነገርኳት። ከአርዲቦ ወዲያ የመጣች ናት፤ ሴት ልጇ ሦስት ቀን ሙሉ አጥር ሥር ቆማለች። ስለ ሐይቁ የዋሸሁትንም ያኔ ነው የነገርኳት፤ ለማንም ያልነገርኩትን። እትዬ ሰማችኝና ለአፍታ ቆመች። አብሽሪ፣ አለችኝ።  ልብሷን ለብሳ ገባች፣ ተከተልኳት። ቀጥ ብላ ወደ መስኮቱ ሄደች። የላስቲኩን ጫፍ ያዘችና ምስማሩ እየተነቀለ ከላይ እስከ ታች ቀደደችው።

ያንን ብርሃን እንዴት ብዬ ልንገርሽ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ሐይቁ ላይ ያረፈው ፀሐይ ተመልሶ ጣራችን ላይ ይጨፍራል። ነፋሱ ገባ፤ የእርጥብ ቄጠማና የአሳ ሽታ ይዞ ገባ። አልጋ ላይ ያሉት ሁሉ ፊታቸውን ወደዚያ አዞሩ። እኔ ወጥቼ ልጅቷን በአጥሩ ዙሪያ አመጣኋትና ከመስኮቱ አምስት እርምጃ ላይ በድንጋይ ምልክት አድርጌ አቆምኳት። ጭምብል ሰጠኋት። እናቷን ስታይ የምትለው ጠፍቷት፣ እማዬ፣ ላሟ ወልዳለች አለች። እናትየው ሳቀች። ወንድ ነው ሴት? አለች። እኛ ደግሞ ሁለታችንም ልብሳችን ውስጥ፣ ማንም ሳያየን፣ መነጽራችን እስኪደበዝዝ አለቀስን።

የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ ለሁለታችንም ደረሰን። እትዬ አነበበችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባው ላይ ሠንጠረዥ ሠራች። ማን በየትኛው ቀን እንደሚያርፍ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚገባ፣ ብቻውን የሚገባ እንዳይኖር። ሰሌዳው ላይ ከተውላጠ ስሙ ጎን ለጠፈችው። አስተባባሪው አየው፤ ማኅተሙ ከጀርባ በኩል አልፎ ይታያል። አንብቦ ወጣ። ላስቲኩንም መልሶ አላስመታም። ሌሎቹን መስኮቶች እኛ ተራ በተራ ቀደድናቸው።

እጄ ወዲያው ዳነ ብዬ አልዋሽሽም። ግን መርፌ መትከል ሲኖርብኝ እትዬ ከጎኔ ትቆማለች፤ ሲንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ፣ አትሽሺው፣ ይደክመውና ይተዋል ትለኛለች። ይደክመውና ይተዋል። የአርዲቦዋ እናት በእግሯ ወጣች። ያልወጡም ነበሩ። ያልወጡት ግን ከዚያ ወዲያ ሰዋቸውን ሳያዩ አልሄዱም። በዚህ ዛሬም አንገቴን ቀና አድርጌ ነው የምናገረው፤ ትእዛዝ ጥሰናል፣ ደግመንም እንጥሰው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች ሲመለስ ተለያየን፤ እሷ ወደ ጤና ጣቢያዋ፣ እኔ ወደ ደሴ። ከዚያ ሌላ ክፉ ቀን፣ ጦርነቱ መጣ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ስልኩም ጠፋ። በሁለተኛው ዓመት ነው መሞቷን የሰማሁት። ስኳር ነበረባት፤ ይኼንንም አልነገረችንም ነበር። ቀብሯ ላይ አልደረስኩም፣ እስላም ቤት ሬሳ አያድርም። በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ።

አርዲቦ ዳር ያለችው ቤቷ ውስጥ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልኝ። ያቺ እንዳልነካት ያለቻት ልጇ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። እናቷ ስለዚያ ጊዜ ነግራት እንደማታውቅ አጫወተችኝ። ሰው ሁሉ የሚነግራት እናትሽ ብረት ነበረች፣ ምንም አትፈራም ነበር እያለ ነው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ያን ጊዜ አቅፋኝ አታውቅም፣ በረት ውስጥ ቆማ በሩቅ ነበር የምታየኝ፣ ምን አድርጌያት ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት አለችኝ።

እጇን ያዝኩት። ጓንት አልነበረኝም።

«ትፈራ ነበር» አልኳት። «አንቺን አጣለሁ ብላ ነበር የምትፈራው። በየቀኑ ፈርታ ትገባ ነበር።»

 ልጅቷ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችው፤ ሰዉ ለዱዓ እስኪነሣ ድረስ ሳንነቃነቅ እንደዚያው ቆየን።