የሌንሱ እግር

በስታዲየሙ ዳር የሚቀመጡት የስፖርት ፎቶ አንሺዎች ባልደረባቸውን «ብረቱ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት የሕፃን ልጅ ያህል የሚከብደውን ረጅም ሌንስ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ያለ ምንም መደገፊያ በእጁ ይዞ ፎቶ ስለሚያነሳ ነው። ሌሎቹ ባለ አንድ እግር የካሜራ መቆሚያቸውን ሲተክሉ እሱ በጎን እያየ ፈገግ ይላል። ኩራት ደግሞ ትከሻን አያማክርም።

ሃምሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ትከሻው ከዳው። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሦስት ጎል ፎቶ ተንቀጥቅጦ ወጣበት። የጋዜጣው የስፖርት ክፍል ኃላፊ፣ በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት፣ ታከብረዋለች፤ ግን ሳትሸፋፍን ነገረችው።

«ጋሼ፣ የቅዳሜው የዋንጫ ጨዋታም እንዲህ ከሆነ ወደ ድሮ ፎቶዎች ክፍል ነው የማዛውርዎት። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልዎት።»

የድሮ ፎቶዎች ክፍል መስኮት እንኳ የለውም። ብረቱ ደግሞ ያለ ሜዳ መኖርን የሚያውቅ ሰው አይደለም።

እናም አንገቱን ደፍቶ መቆሚያ ፍለጋ ወጣ። ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ተውሶ ወደ አንድ የወዳጅነት ጨዋታ ቢሄድ፣ ገና ዘርግቶ ሳይጨርስ የሜዳው አስተናባሪ ደረሰበት። «አባቴ፣ ይኼ እዚህ አይፈቀድም፤ ተጫዋች ቢጠልፍስ?» ሩዝ የተሞላ ከረጢት በማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ አድርጎ ሌንሱን አሳረፈበት፤ ኳሷ ሽቅብ ስትወጣ ግን ሌንሱ አብሯት አልሄድ አለ። የቀረው ያው ሲስቅበት የኖረው ባለ አንድ እግር ዘንግ ነበር። ቦታ አይዝም፣ እንደልብ ይዞራል። ገዛው።

ሐሙስ ከሰዓት በረንዳው ላይ ቆሞ በመንገዱ የሚያልፉ ብስክሌቶችን እያነሳ ይለማመድ ጀመር። ዘንጉን ያሰረው ካሜራው ሥር ባለችው ቀዳዳ ነው፤ በትንንሽ ሌንሶች ዘመን የለመደው እንደዚያ ነበር። ሌንሱ ግን በአፍጢሙ ይደፋል። ቢያቃናው መልሶ ይደፋል።

«ይኼ ዱላ የሽማግሌ መጫወቻ ነው!» ብሎ ተነጫነጨ።

ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ከማሽኗ ጀርባ ሆና ስታየው ቆይታ ኖሮ፣ «አንተ ሰውዬ፣ የሚከብደው ካሜራው ነው ወይስ ከፊቱ ያለው ረጅሙ ቱቦ?» አለችው።

«ቱቦው ነዋ!»

«ታዲያ ካሜራውን ምን አስደገፈህ? እኔ ወፍራም መጋረጃ ስሰፋ ጠረጴዛ የማስጠጋው ለጨርቁ ነው እንጂ ለማሽኑ አይደለም። ጨርቁ ከተንጠለጠለ መርፌዬን ይሰብርብኛል።»

ብረቱ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ሌንሱ እኮ የራሱ እግር ነበረው! በእጅ ሲይዘው መዳፉን ቢቆረቁረው፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ብሎኑን ፈትቶ ያወለቀው አጭር የብረት እግር። ዘንጉ የሚታሰረው እዚያ ላይ ነው። ይህንንስ ለጀማሪዎች ስንት ጊዜ አስተምሯል!

«ያቺ ብረት የት ገባች?»

«ይቺ ናት?» አለች ሚስቱ፣ ከመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ አንስታ። የልብስ ልክ የምታወጣበትን ወረቀት ንፋስ እንዳይወስድባት ያንን ሁሉ ዓመት ስትጭንበት ኖራለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ብረቷ በቦታዋ ስትገባ ሌንሱ ዘንጉ ላይ ቀጥ አለ፤ በሁለት ጣት ብቻ ወዲያና ወዲህ ዞረለት።

ቅዳሜ ጓደኞቹ አልማሩትም። «ብረቱ ምርኩዝ ያዘ!» ተባለ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ብሎ ዘንጉን ተከለ። በሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ግብ ጠባቂው ተወርውሮ ኳሷን በጣቶቹ ጫፍ ሲያወጣት፣ ብረቱ ሌንሱን ዘንጉ ላይ ወደ ግራ አዞረና ፎቶውን አነሳ። በፎቶው ላይ የግብ ጠባቂው ዓይኖች ጥርት ብለው ይታያሉ።

ፎቶውን ከሜዳው ዳር እንደላከ ኃላፊዋ ደወለች። «ጋሼ፣ የፊት ገጽ ነው! ለሚቀጥለው ሳምንትም ሜዳ ላይ መድቤዎታለሁ።»

ብረቱ ስልኩን ዘጋና ወዲያው ወደ ቤት ደወለ። ወጥ ሲቀርብለት ጨው አንሷል ከማለት በቀር ምስጋና ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው። ሕዝቡ ይጮሃል፣ እሱም ከሕዝቡ በላይ ጮኸ።

«አመሰግናለሁ!»

«ምነው? ወደቅህ እንዴ?» አለች ሚስቱ ደንግጣ።

«አልወደቅሁም። ከሜዳዬ አልተለየሁም፣ በአንቺ ነው። አመሰግናለሁ ነው የምልሽ።»

በስልኩ ውስጥ ይሰማ የነበረው የስፌት ማሽን ድምፅ ቆመ።

«ትከሻህስ?» አለችው ሚስቱ።