ጥዝታው ሲወጣ ምን ይዞ ይወጣል?

በጡረታ እስክገለል ድረስ የሠራሁት ዲላ ውስጥ፣ በቡና ቅምሻ ነው። ከአሪቻ፣ ከሬኮና ከገደብ የሚመጡ ናሙናዎች ተቆልተውና ተፈጭተው፣ ቁጥር ብቻ በተለጠፈባቸው ሲኒዎች ይቀርቡልናል፤ እኛም በማንኪያ ማግ አድርገን፣ ቀምሰን፣ እንተፋለን። ቀማሹ ናሙናው ከየት እንደመጣ ማወቅ የለበትም። ይህን ደንብ አንድም ቀን ጥሼው አላውቅም። ይህን ደንብ ለጊታር እንድጠቀምበት የሚያስገድደኝ ነገር ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊቴ ቆሞ የሚቀምሰው የሥራ ባልደረባዬ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራን ጓድ ውስጥ ለሃያ ዓመት ያህል ኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቷል። እኔ የእነሱ ቤተ እምነት ሰው አይደለሁም፤ ቢሆንም ለሠርግም ለለቅሶም ስሄድ እሰማው ነበርና የእጁን ድምፅ አውቃለሁ። ጠርዙ የጠራ፣ ጫፉ እንደ ብርጭቆ የሚያቃጭል ድምፅ ነበር።

አንድ ሰኞ ጠዋት ሲኒ ሳያነሳ ቆመ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጊታሩ ዕቃ ቤት ይግባ ብለዋል።»

«ምን አጠፋ?»

«ይጮሃል። እኔ ባልነካውም ይጮሃል። ትናንት ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ በዝምታ ሲጸልይ፣ እሱ ብቻውን ጥዝዝዝ ይላል። ‹እግዚአብሔርን እንስማ ወይስ ንቡን እንስማ?› አሉኝ፣ በሰው ፊት። እስከ ዓመታዊው ጉባኤ ካልተስተካከለ ያበቃለታል። እሱ ዕቃ ቤት ከገባ እኔም ከሕዝቡ ጋር ወንበር ላይ እቀመጣለሁ እንጂ ሌላ አልጫወትም።»

ጉባኤው ሊደርስ የቀረው ሦስት ሳምንት ነበር።

የማላውቀውን ነገር ሳላጣራ ማለፍ ስለማልወድ፣ በዚያው ቀን ከሥራ በኋላ አብሬው ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ ሄድኩ። ጠጋኙ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የሚሠራ፣ እጁ ብልህ ምላሱ ደግሞ ስለታም ሰው ነው። ጊታሩን ፈትቶ ከክሮቹ ሥር የተደረደሩትን ሦስት ትናንሽ ሞላላ ነገሮች አሳየን። ፒክአፕ ይባላሉ። እያንዳንዳቸው በማግኔት ዙሪያ ፀጉር በመሰለ ሽቦ ተጠቅልለዋል፤ የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት እነሱ ናቸው።

«ጥቅሉ ነጠላ ነው» አለ ጠጋኙ። «ነጠላ ጥቅል ደግሞ አይመርጥም። ክሩንም ይሰማል፣ የአዳራሹን ረጃጅም መብራትና የግድግዳውን መስመርም ይሰማል። የምትሰሙት ጥዝታ የመብራት ኃይል ነው።»

«መድኃኒትስ አለው?» አልኩት።

«አለው። ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን ታደርጋለህ። አንዱን በተቃራኒ አቅጣጫ ትጠቀልለዋለህ፤ ማግኔቱንም ትገለብጠዋለህ። ጥዝታው በሁለቱም ሲገባ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል።»

ይህን ደግሜ ደጋግሜ አስነገርኩት። ያንኑ ጥፋት ሁለት ጊዜ አስገብቶ ጥፋቱን ማጥፋት! እኛ ቅምሻ ክፍል ውስጥ የሻገተ ቡና ላይ ሌላ የሻገተ ቡና ብንጨምርበት የሚሆነውን አሰብኩና በጣም ገረመኝ።

አንድ ችግር ግን ነበር። የተለመደው ባለሁለት ጥቅል ሰፊ ስለሆነ የጊታሩን እንጨት መፈልፈል ይጠይቃል፤ ባልደረባዬ ደግሞ መሮ አያስነካም። በነጠላው ልክ አጥብበው የሚሠሩት ዓይነት መኖሩን የነገረን ያው ጠጋኝ ነው። ክፍተቶቹን በማስመሪያ ለክቼ፣ በወረቀት ላይ ሥዕላቸውን ከነመጠናቸው ነድፌ፣ በሞያሌ መንገድ ለሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ሰጠነው። በአሥረኛው ቀን ከናይሮቢ ሦስቱንም ይዞልን መጣ። ልካቸው ከሥዕሌ ጋር በሚሊ ሜትር እንኳ አልተዛነፈም፤ ይህንን ዛሬም ስናገር ደስ ይለኛል።

መበየጃው ግሎ ሳለ ባልደረባዬ የጠጋኙን እጅ ያዘው።

«ድምፄስ?» አለ።

«የምን ድምፅ?»

«ጥዝታው ሲወጣ ብቻውን ይወጣል? ወይስ የኔንም ድምፅ ይዞ ይሄዳል?»

ጠጋኙ ሳቀ። «ቡና እየተፋችሁ ደመወዝ የምትበሉ ሰዎች! ጩኸት አጥፋልኝ አልከኝ፣ ላጠፋልህ ነው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

እኔ ግን አልሳቅሁም። ጥያቄው መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ነበር። አሮጌዎቹ ከመነሳታቸው በፊት ድምፃቸውን በካሴት እንቅዳ፤ አዲሶቹ ከተገጠሙ በኋላም ያንኑ መዝሙር እንቅዳ፤ ከዚያም እንደ ቡናው ምንጩን ሳናውቅ እንስማው አልኩ። ወዲያውኑ ቀዳን። መልሰን ስንሰማው ግን ሦስታችንም ተያየን፤ ካሴቱ ገና ከመጀመሩ ጥዝዝዝ ይላል።

«ይኼማ» አለ ባልደረባዬ፣ «ሲኒው ላይ ‹አሪቻ› ብሎ ጽፎ ማቅረብ ነው።»

እውነቱን ነው። ጉድለቱ ራሱ ማንነቱን ይናገራል። አሮጌውን ያለ ጥዝታ የምንሰማበት አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ እሱም መብራት ሲሄድ ነው። ዘመኑ መብራት በፈረቃ የሚታደልበት ስለነበር የሰፈሩ መብራት የሚጠፋበት ተራ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ተራችን ሲደርስ ስናማርር የኖርን ሰዎች፣ ያን ቀን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ አምፕሊፋየርና ቴፕ አዘጋጅተን፣ የሱቁን አምፖል ሽቅብ እያየን ጠበቅን። አምፖሉ ጠፋ። ባልደረባዬ ክሩን ነካ። ጥዝታ የሌለበት፣ የራሱ የጠራ ድምፅ ነበር። ጠጋኙም ቴፑን ከፍቶ መዝሙሩን ቀዳው።

አዲሶቹን በዚያው ሳምንት ገጠማቸው። ሲሰካው ዝም አለ፤ ከመብራቱ ሥር ብናስጠጋውም ዝም አለ። ያንኑ መዝሙር በዚያው የባትሪ አምፕሊፋየር ቀዳንና ሁለቱንም ቅጂዎች ወስደን፣ ቅምሻ ክፍል ውስጥ ሲኒዎቹን ለምታዘጋጅልን ባልደረባችን ሰጠናት። እሷ ናሙና ደባልቃ ስታቀርብ ፊቷ ላይ ምንም የማይነበብባት ሴት ናት። የኛን የሦስት ሲኒ ፈተና በካሴት አዘጋጅታ ወደ ጠጋኙ ሱቅ ይዛ መጣች፤ በእያንዳንዱ ዙር ሦስት ቁራጭ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት፣ አንዱ የተለየ። የተለየውን መንቀስ ነው። አምስት ዙር።

«ጋሼ፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳው ያዙሩ» አለችኝ። «እጄን እያዩ ነው።»

«ደንቡን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«ለዚህ ነው የማላምንዎት።»

መልሳችንን በየወረቀታችን ጻፍን። እኔ ከአምስቱ ሁለቱን አገኘሁ፤ በግምት ከሚገኘው እምብዛም የማይሻል ነው። ሠላሳ ዓመት በምላሴ የኖርኩ ሰው ጆሮዬ ይህን ያህል መሆኑን ስቀበል ትንሽ አመመኝ። ጠጋኙም ሁለት አገኘ። የባልደረባዬን ወረቀት ግን ሁለት ጊዜ አየችው።

«አምስት» አለች። «አምስቱንም።»

እኔ አጨበጨብኩ። እሱ አልተደሰተም።

«ትክክል ነህ ማለታችሁ፣ አጥተኸዋል ማለታችሁ ነው» አለ። «ጫፉ ላይ ያለው ነገር የለም። ወፍሯል። ድምፁ ካፖርት ለብሷል።»

ጠጋኙ መበየጃውን አነሳ። «ልመልሰዋ? ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።»

ሥራችን ሁለት ጥያቄዎችን ለይተን እንድንይዝ ያስተምረናል፤ ልዩነት አለ ወይ? ልዩነቱስ ነውር ነው ወይ? ይህንኑ ላስታውሰው ሞከርኩ።

«አሪቻና ገደብ ይለያያሉ?» አልኩት።

«ይለያያሉ።»

«የትኛው ነው የተበላሸው?»

«አታስተምረኝ! እኔም ቀማሽ ነኝ። አሪቻን ሃያ ዓመት የጠጣን ሰው፣ ከነገ ጀምሮ ገደብ ብቻ ነው በለውና መልሱን ስማ።» ጊታሩን ሻንጣው ውስጥ አስገባ። «አትመልሰው» አለው ጠጋኙን። «ገና አልወሰንኩም።»

ሳምንቱን ሙሉ እንደ ወትሮው ቡና ስንቀምስ ሰነበትን። ጠረጴዛው ላይ ግን ሲኒ እስኪሞላ ድረስ የቀኝ እጁ ጣቶች ሲንቀሳቀሱ አይ ነበር።

የጉባኤው ዕለት ጠዋት ከአዳራሹ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ይዞ ይምጣ አይምጣ አላውቅም ነበር። መዘምራኑ ገቡ፤ ከኋላቸው እሱ ገባ፤ ጊታሩ አንገቱ ላይ ነበር። ረጃጅሞቹ መብራቶች ሁሉ በርተዋል። ሽማግሌው ወደ መድረኩ ወጥተው በዝምታ እንጸልይ አሉ። ሕዝቡ አንገቱን ደፋ። እኔ አልደፋሁም፤ አዳመጥኩ። ከውጭ የአንድ አይሱዙ መኪና ድምፅና የሕፃን ሳል ተሰማኝ፤ ሌላ ምንም።

ጸሎቱ ሲያበቃ ሽማግሌው ከመድረኩ ወርደው ወደ እሱ ሄዱ። ማይክራፎኑን በእጃቸው እንደያዙ ስለነበር የተናገሩት ለሁላችንም ተሰማ።

«ወንድሜ፣ ዛሬ አልሰካኸውም እንዴ?»

ባልደረባዬ አንዱን ክር ብቻ መታ። ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ኋላ ፈቀቅ አሉ፤ መዘምራኑ ሳቁ፤ ሕዝቡም ሳቀ፤ ቆይተው እሳቸውም ሳቁና «እሺ፣ ቀጥል» ብለው ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

መዝሙሩ ተጀመረ። ሁልጊዜ መሐል ላይ የሚያርፈው ቀኝ እጁ፣ ክሮቹ ወደሚታሰሩበት ወደ ጊታሩ ጫፍ ቀስ በቀስ ሲሸሽ አየሁ። እዚያ ክሩ ጠንካራ፣ ድምፁም ቀጭን ነው። ትንሽ ራቅ ይልና ይመለሳል፤ አሁንም ይጠጋል። ዐይኑን ጨፍኖ፣ ጆሮውን ወደ አምፕሊፋየሩ አዘንብሎ፣ አዳራሹ ውስጥ ከእሱ በቀር ማንም የማይሰማውን ያን የጠፋ የድምፁን ጫፍ በጣቱ እየፈለገ ነበር።