አባዬ የዘራው ገብስ

ልጅ እያለሁ ከቤታችን የሚወጣውን ሳቅ የሰማ መንገደኛ ድግስ ያለብን ይመስለው ነበር። ድግስ አልነበረም፤ አባዬ ከእርሻ ገብቶ ነው። ከዘመሮ ከተማ ወጣ ብሎ ያለው መንደራችን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኛ ስድስቱ ልጆች የበግ ፀጉር በሚሸተው ባና ሥር ተጠጋግተን፣ የኩበቱ ጢስ ዓይናችንን እያስለቀሰው፣ የሱን ወሬ ስናዳምጥ ግን ብርዱ ትዝም አይለንም።

አባዬ ሥራና ጨዋታን ለይቶ አያውቅም። ሥራ በበዛበት ቀን ነበር ቀልዱም የሚበዛው። ተከልሎ የሚቆየው የጋራ መሬታችን ጓሳ ለሳር አጨዳ በተከፈተ ጊዜ ለኛ ጎጆ የሚሆነውን አጭዶ ሲያበቃ፣ ደግሞ አቅም ላጡ ሽማግሌዎች ያጭድ ነበር። ትልቁን በሬያችንን አንቱ እያለ ነበር የሚነዳው። «ይዙሩ እንጂ ጌታዬ፣ ምነው ዛሬስ ቅር አለዎት?» ሲለው በአጠገቡ የሚያርስ ሁሉ ሥራውን አቁሞ ይስቃል። እኛ ልጆቹ አንተ ስንለው እናታችን ትቆጣለች፤ እሱ ግን «ተያቸው፣ አንቱታውን ለበሬው ጨርሼዋለሁ» ይላት ነበር።

የገና ዕለት ደግሞ ከሱ ወዲያ ሰው የለም። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ዱላቸውን ይዘው ሜዳው ላይ ይገናኛሉ፤ አባዬም ሩሯን እያሳደደ ግጥሙን ያወርደዋል።

«የታች ሰፈር ሰዎች ምን በልተው ያድራሉ፣
ሩሯ እዚህ ቆማ ንፋስ ያባርራሉ!»

«በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የሚባለው በኛ አገር ተረት ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። እዚያ ሜዳ ላይ የተፈነከተ ግንባር ለሽምግልና አይቀርብም፤ ቂምም አይያዝበትም። ታዲያ አንድ ገና ላይ የአባዬ የልብ ጓደኛ፣ የታች ሰፈሩ ጋሽ በለጠ፣ በሙሉ ኃይላቸው የመቷት ሩር ተስፈንጥራ የአባዬን ግራ ዓይን አገኘችው። አባዬ ዓይኑን በመዳፉ ሸፍኖ እንደተንበረከከ ቆየና፣ «በለጠ፣ ዕድሜ ልክህን ስተህ ስተህ ዛሬ መታህ!» አለ። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ በለጠም እያለቀሱ ሳቁ።

ዓይኑ አብጦ ጎደለ፤ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። እናቴ መሐል ሜዳ ከተማ ሄዶ እንዲታከም ብትለምነው አሻፈረኝ አለ። «ሐኪሙ ማን መታህ ቢለኝ ምን ልለው ነው? በገና ጨዋታ በለጠን ላስከስሰው?» አላት። ሐኪም ቤት የሄደ ቁስል ሁሉ ፖሊስ ዘንድ የሚደርስ ይመስለው ነበር። ጠበል ተጠመቀ፣ ለጠየቀው ሁሉ «ግራዋን አስጾምኳት፣ ቀኟ ለሁለቱም ትበላለች» እያለ ሥራውን ቀጠለ። እኛም አመንነው።

ዓመቱ ሊዞር ሲል ቀልዱ መልኩን ለወጠ። ጋሽ በለጠ ሊጠይቁት በመጡ ቁጥር ጠላውን ከዋንጫው ውጪ ጉልበታቸው ላይ ይቀዳና «ሱሪህ ጠምቶት አየሁ» ይላል። ደጃፍ የቆመውን የገብስ ክምር «እንደምን ዋሉ?» ብሎ እጅ ነስቶ ያልፋል። ጋቢውን ገልብጦ ይለብሳል፣ ከምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ምሰሶውን ይቅርታ ይጠይቃል። እኛ መሬት ላይ እየተንከባለልን እንስቃለን። ትንሹ ወንድሜ «አባዬ ድገመው!» ይለው ነበር። እሱም ይደግመዋል።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ዘሩን በቁና ይዞ ማሳው ውስጥ ገባ። ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም። ገበሬ ዓይኑ ጠፋ ከተባለ መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፤ አባዬን ከሞት በላይ የሚያስፈራው እሱ ነበር።

ገብሱ ሲበቅል አገር አየው። አንዱ ስፍራ ዘር በዘር ላይ ወድቆ እንደ መደብ ታጭቋል፤ አጠገቡ ሰፊው መሬት ባዶውን ቀርቷል፤ ገሚሱ ደግሞ ድንበር አልፎ ከጎረቤት መሬት ላይ በቅሏል። አላፊ አግዳሚው «ዘንድሮ ደግሞ ምን ዓይነት ቀልድ ነው የዘራው?» እያለ ይስቅ ነበር። እናቴ ልታርም መጥታ ማሳው ጫፍ ላይ ቆመች። ያንን ጉራማይሌ ቡቃያ ከዳር እስከ ዳር አየችውና እዚያው ቁጭ አለች። «እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ! አያይም እኮ!» ስትል የሰማኋት እኔ ነኝ።

ደብረ ብርሃን ተወሰደ። ሐኪሙ የተመታችው ዓይን ጤነኛዋንም ይዛት እንደሄደች፣ በጊዜው ቢመጣ ግን ቀኟ ትተርፍ እንደነበር ነገረን። አባዬ ምንም ቀልድ አልመለሰለትም። ቤት ደርሶ እናቴን «ለበለጠ እንዳትነግሪው» አላት። ከዚያ በኋላ የተናገረው ነገር ሁሉ ውሃ ስጡኝ፣ በሩን ዝጉት፣ የመሳሰለ ነው።

መሬቱን በእኩል ያረሱልን ጋሽ በለጠ ናቸው። አባዬ የድንጋዩ ካብ ላይ ተቀምጦ የራሱ በሬዎች በሰው ድምፅ ሲነዱ ይሰማል። አንድ ቀን ጋሽ በለጠ ሊያስቁት ብለው ትልቁን በሬ «ይዙሩ ጌታዬ» አሉት። አባዬ ተነስቶ ግድግዳውን እየዳበሰ ቤት ገባ። እንደዚያ ሆኖ ብዙ ዓመት ኖረና አንድ ክረምት ሞተ። ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ቀልዶቹን እያነሳ ሲስቅ፣ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ነበር።

አሁን መሐል ሜዳ ቢሮ እሠራለሁ፤ ቤቴ ቆርቆሮ ነው፣ መብራት አለን፣ ሐኪም ቤቱም በእግር የሚደረስ ነው። የአባዬ ሳቅ ግን ከኔ ቤት አልገባም፤ እኔው ነኝ ያላስገባሁት። ያኔ የሳቅ ድምፅ ስሰማ ወደዚያ ነበር የምሮጠው። ዛሬ ልቤ ይሸበራል። ትንሹ ልጄ ሮጦ በሩን ሲስት፣ ወይም ወንበር ሲያደናቅፈው፣ እህቶቹ ይስቃሉ። እኔ የያዝኩትን ጥዬ እነሳና ትከሻውን ይዤ ሁለት ጣቴን ፊቱ ላይ እዘረጋለሁ።

«ይሄ ስንት ነው?»

እሱ ጨዋታ ይመስለዋል። ጣቶቼን አይቶ፣ ዓይኔን አይቶ፣ ሳቁን አፍኖ «ሰባት!» ይለኛል።