የክርስትና እናት የሌላት ሕፃን

ባለፈው እሁድ ጠዋት ያደረግኩትን ለባለቤቴ እንኳ ሙሉውን አልነገርኩትም... ለእናንተ ልንገራችሁ።

እዚህ ጂንካ፣ በማገለግልበት ቤተክርስቲያን፣ ክርስትና የሚነሱ ሕፃናትን የምመዘግበው እኔ ነኝ። እስክሪብቶ ስይዝ ትንሽ ልታይ ልታይ ይለኛል፤ ራሴም አውቀዋለሁ።

የዚያን ቀን ሦስት ሕፃናት ነበሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች በባጃጅ ተጭነው፣ ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። ወንበር አቀረብኩላቸው። ሦስተኛዋ እናት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ልጇን አቅፋ፣ ብቻዋን በሩ አጠገብ ቆማለች። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፤ ከከተማው ወጣ ካለ መንደር በእግሯ እንደመጣች ያስታውቃል። ለእሷ ወንበር መስጠት ትዝም አላለኝ።

«ሴት ናት?» አልኳት።

«ሴት ናት። ዛሬ ሰማንያ ቀኗ።»

«የክርስትና እናቷስ የታለች?»

ልጇን አስተካክላ አቀፈች። ሴት ልጅ ያለ ክርስትና እናት አትነሳም፤ ይህን የማያውቅ የለም። እኔም ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ሰማንያ ቀን ሙሉ አንድ ሰው ማግኘት አቃተሽ? በይ ሂጂና ሰው ይዘሽ ተመለሺ» አልኳት። ቄሱ ውሃውን ሊባርኩ ተነስተዋል... ሄዳ የምትመለስበት ጊዜ እንደሌለ እያወቅኩ ነው።

አልሄደችም። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ነሽ እኮ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ገበያ ላይ ሆዴን ነካሽ፣ ሴት ከሆነች ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ አልሽ። ጎረቤቴ እኔ ላንሳት ስትለኝ፣ የክርስትና እናት አላት አልኳት።»

ያኔ አወቅኳት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሙዝ የምትሸጥልኝ ሴት ናት። ያልኩትን ግን አሁንም አላስታውሰውም... እንዲህ ያለ ጨዋታ ለስንት ነፍሰ ጡር እንደተናገርኩ እግዜር ይወቀው።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ይቅርታ እንኳ ሳልላት፣ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ልጅቷን ተቀበልኳት። እናትየው ወደ ቄሱ ዞር ብላ፣ «እሷ ናት» አለቻቸው፣ ፊቷ በርቶ። ሕፃኗ ውሃው ሲነካት አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ፎቶ አንሺው የደስታ መስሎት አነሳኝ።

ሲያልቅ መዝገቡን ልሞላ ተቀመጥኩ። «የእናት ስም» የሚለው ጋ እጄ ቆመ።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አበልጄ ናት... ስሟን ግን አንገቴን ደፍቼ ነው የጠየቅኳት።