ያላለቀው የልጄ ፊት

እዚህ እስራኤል፣ አሽኬሎን ከተማ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሰው ፊት ከተሳለ ያ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ወጣቶቹ ዓሣና መርከብም ይስላሉ፣ ስማቸውንም ይሞነጫጭራሉ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ግን ፊት የሚሳለው ለወደቀ ወታደር ነው።

የእኔም ልጅ ወታደር ነው። ስልኩ ከሰንበት ጀምሮ ዝግ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባርኔአ ሰፈር አሮጊት እየጦርኩ ከምሠራበት ቤት ተመልሼ ሰፈሬ ግቫት ጺዮን ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ማቆሚያው አጠገብ ባለው ከሮኬት መጠለያ ግንብ ላይ ግንባርና ሁለት ዓይን ተስሎ አየሁ። የግራ ቅንድቡ መሃል ላይ ጠባሳ አለ። ልጄ ከብስክሌት ወድቆ ያተረፈው ጠባሳ ነው! ከዓይኑ በታች ግንቡ ገና ባዶ ነበር። የቀለም ጣሳዎቹ እዚያው ተቀምጠዋል፣ ሰው ግን የለም።

ወታደር ሲሞት ጦሩ መኮንኖችን ወደ ቤተሰቡ ቤት ይልካል፤ እኔን ሲያጡ ለወንድሜ ነግረውት ይሆናል። በእኛ ዘንድ ደግሞ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚነገራት ሰው ቤቷ ገብታ ቁጭ ካለች በኋላ ነው። ሁሉም አውቆ እኔ ብቻ ቀርቼ እንዳይሆን እያልኩ፣ አውቶቡስ ውስጥ ማን ፊቱን እንዳዞረብኝ ማስታወስ ጀመርኩ።

ሕንጻችን በር ላይ ስደርስ ጎረቤቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል።

«ምን ተፈጠረ?» አልኩ።

«ግቢ ልጄ፤ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አሉኝ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት እማማ።

ቦርሳዬን ጥዬ ወደ ግድግዳው ሮጥኩ። እነሱም እያለቀሱ ተከተሉኝ። ሠዓሊዋ፣ ከልጄ ጋር የተማረች የሰፈራችን ልጅ፣ ተመልሳ መሰላሉ ላይ ወጥታለች።

«ልጄ መቼ ሞተ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«ማ ፒትኦም? ኧረ ምን ሲደረግ! እትዬ፣ ደህና ነው!» ብላ ወርዳ ስልኳን አሳየችኝ። ፎቶውን ጠዋት ስልኩን ለአፍታ ከፍቶ የላከላት እሱ ራሱ ነው። «አፍንጫዬን አሳንሺው» ብሎም ጽፎላታል። «ሁሌ የምስለው የሞቱትን ነው፤ አንድ በሕይወት ያለ ሰው መሳል አምሮኝ ነው። ስሊኻ፣ ይቅርታ እትዬ» አለች።

ለእናቱ ለመደወል ያልተመቸው ልጅ ለአፍንጫው ጊዜ አላጣም! አስፋልቱ ዳር ተቀምጬ ሳቄና ልቅሶዬ ተደባለቀብኝ። ትንሽ ቆይቼ ጎረቤቶቼን፣

«ለእናንተስ ማን ነገራችሁ?» አልኳቸው።

እማማ በከዘራቸው ግድግዳውን አመለከቱኝ። ከዚያ ነጠላቸውን እያስተካከሉ ተመለሱ።

ልጅቷ «ላጥፋው?» አለችኝ። በነጭ ቀለም እነዚያን ዓይኖች ስትደፍን ታየኝ።

«አታጥፊው» አልኳት። «ግን አትጨርሺው። የቀረውን እሱ መጥቶ ከጎኑ ሲቆም ትስይዋለሽ።»

እሺ አለችኝ። ልጄ እስካሁን አልተመለሰም። ከአውቶቡስ በወረድኩ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ከዓይኑ በታች ያለውን ግንብ ነው። ባዶ ከሆነ፣ በሕይወት አለ ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።